ማቆም ያልተማረው ታናሽ

በአንዲት ከተማ አንድ ሰው ነበረ። ሥራው የውኃ ፓምፕ መጠገን ነው። በገጠር ቀበሌዎች እየዞረ የተበላሸውን ፓምፕ ይፈታል፣ ያለቀውን ላስቲክ ይቀይራል፣ ውኃው ሲወጣ ፊቱን ይታጠብበትና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የሚሄደው በእግሩ ነበር፣ የመሣሪያ ሣጥኑን በትከሻው ተሸክሞ።

ስሙን አልነግራችሁም። የእሱን ከጠራሁ የታናሽ ወንድሙን ስም መጥራት ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ታላቅየውና ታናሽየው እያልኩ ልቀጥል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሟን የምጠራላችሁ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ለምን እንደሆነ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ታላቅየው ሞተር ሳይክል ሊገዛ አሰበ። እንደ ብዙዎቻችን ግን ከገበያው አልጀመረም። ከትምህርቱ ጀመረ። ማሠልጠኛ ገባ። ከስታዲየሙ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ፣ በዕድሜ ከሚያንሱት ጎረምሶች ጋር ተሰልፎ፣ በኖራ በተሠመረ ስምንት ቁጥር ላይ ሲዞር ወደቀ። ተነሣና ደግሞ ወደቀ። ጉልበቱ ተላጠ። ጎረምሶቹ "ጋሼ፣ ፓምፑ ይሻልሃል" እያሉ ሳቁበት።

አሠልጣኙ መጀመሪያ ያስተማረው ምን ይመስላችኋል? ጋዝ መስጠት? አይደለም። ማቆም ነው። የፊቱን ፍሬን ብቻ ከያዝክ ትገለበጣለህ፣ የኋላውን ብቻ ከያዝክ ትንሸራተታለህ፣ ሁለቱን አስማምተህ ያዝ እያለ ቀኑን ሙሉ ይጮኽበት ነበር። ታላቅየው የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀ፣ በሁለተኛው አለፈ። መንጃ ፈቃዱን በፕላስቲክ ሸፍኖ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ በኋላ ነው ሞተሩን የገዛው። አሮጌ ነው፣ መቀመጫው የተጣፈ። ኢንሹራንስም ገባ። የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ሳትቸኩል አስረዳችው። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ነድቶ ጉዳት ካደረሰ ለተጎዳው ሰው እኛ እንከፍላለን፣ በኋላ ግን የከፈልነውን ከአንተ ከባለንብረቱ እንጠይቃለን አለችው። ቤት ገብቶ ይህንኑ ለእናቱና ለታናሹ ነገራቸው። ሽማግሌዎች እንደ ልማዳችን ሞተሩን ሊባርኩ በመጡ ቀንም ደግሞ ተናገረው። ሽማግሌዎቹ መሪውን ይዘው ጸለዩ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ አሜን ተባለ። ልብ በሉ ወገኖቼ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ "አልሰማሁም" የሚል ሰው የለም።

ታናሽየውስ? ታናሽየው ፈቃድ የለውም። ማሠልጠኛ ግባ ሲባል "ለሞተር ደግሞ ትምህርት ቤት!" ይላል። ቁልፉን ግን ይለምናል። ታላቅየው ይከለክላል። ይለምናል፣ ይከለክላል።

በመጨረሻ እናት ገባችበት። በእኛ ዘንድ ወንድም ወንድሙን ቁልፍ ቢከለክለው ምን ይባላል? ስስታም ይባላል። ሰው ጠላ ይባላል። እናትም "እኔ በሕይወት እያለሁ በአንድ ብረት ልትለያዩ ነው?" አለችው። ከዚህ በኋላ ምን ይበል? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሰጠ።

ታናሽየው ብቻውን ተማረ። ምን ተማረ? መነሣት ተማረ። ጋዝ መስጠት ተማረ። በሰውና በበግ መካከል መሹለክ ተማረ። ማቆም አልተማረም። ማቆምን ማን ያይለታል? መንገደኛው ዞር ብሎ የሚያየው ሲፈጥን ነው።

አሁን ስሟን እጠራለሁ ያልኳችሁ ሴት ዘንድ ደረስን። ዘነበች ትባላለች። ሙዝ ትሸጥ ነበር። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በሙዝ ያሳደገች፣ በመዝሙር ሰዓት ድምፅዋ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማ ሴት ነበረች ይሉኛል። ስሟን የምጠራው ሌላ የሚጠራው ሰው ስላጣሁ ነው። ይህ ነገር ሲወራ "የሞተሩ ጉዳይ" ነው የሚባለው። የዘነበች ጉዳይ ሲባል ሰምቼ አላውቅም፣ ይህም እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በገበያ ቀን ዘነበች የሙዝ ዘለላ ተሸክማ መንገድ ስታቋርጥ ታናሽየው ከቁልቁለቱ መጣ። አያት። የፊቱን ፍሬን ብቻ ጨምድዶ ያዘ። ሞተሩ ተገለበጠ፣ ተንሸራቶም ጭኗን ሰበራት። እሱ ክንዱ ተላጠ እንጂ ሌላ አልሆነም። ሰዎች እሷን በባጃጅ ጭነው ሐኪም ቤት ወሰዷት።

ትራፊክ ፖሊሱ ሳይደርስ ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ያንን መሪ ይዘው የጸለዩት ሽማግሌዎች ናቸው። ከመንገዱ ዳር ዛፍ ሥር ተሰብስበው መከሩ። ክፉዎች ነበሩ ልላችሁ አልችልም። ክፉዎች ቢሆኑ በተሻለ፣ ክፉ ሰው ሲመጣ ቢያንስ በራችንን እንዘጋለን። እነዚህ ግን ያዘኑ ሰዎች ነበሩ። ይህ ልጅ ፈቃድ የለው፣ መታሰሩ ነው አሉ። ኢንሹራንሱ የከፈለውን መልሱ ሲል ታላቅየው ሌላ ሀብት ስለሌለው የእናትየው የቤት ቦታ ይሸጣል አሉ። ታላቅየው ግን ፈቃድ አለው፣ ውሉም በስሙ ነው፤ ለተሰበረ እግር በዋስ ይወጣል፣ በእርቅ ያልቃል አሉ።

ታላቅየው ወሬውን ሰምቶ ፓምፕ ከሚጠግንበት ቀበሌ እየሮጠ መጣ። ትልቁ ሽማግሌ ትከሻውን ይዘው፣ "ልጄ፣ አንተ ነበርክ የነዳኸው እንበል። በዚህ ማንም አይጎዳም" አሉት።

"እኔ እኮ እዚህ አልነበርኩም፣ አባቴ" አለ።

"ወንድምህ ነው" አሉት።

ወሬውን ሰምታ ወደ መጣችው እናቱ ዞረ። እናቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ወደ ታናሹ ዞረ። ታናሹ መሬት መሬት ያያል። ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስም ያንን በፕላስቲክ የሸፈነውን ፈቃድ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ለፖሊሱ ሰጠው። ጉልበቱን ልጦ፣ ወድቆ ተነሥቶ ያገኘው ፈቃድ ማሰሪያው ሆነ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። እሱ ግን ሞኝ አልነበረም፤ እኛ ደጃፉን ስለምናውቀው ነው የሄድንበት።

ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ብርቱካን ይዘው ዘነበችን ሊጠይቁ ሐኪም ቤት ሄዱ። ነገሩን በዝግታ አመጡት። አንቺ ታናሽየው ነው ካልሽ ክፍያው ይጓተታል፣ ሕክምናሽም ይቆማል አሏት። እውነት ነበር? አልነበረም። ሠራተኛዋ "ለተጎዳው ሰው እንከፍላለን" ብላ የለ? ሁሉም ሰምተው የለ? የዘነበች እግር በየትኛውም መንገድ ይታከም ነበር። ያዳኑት የእሷን እግር ሳይሆን የሌላ ሰው ቦታ ነው።

ዘነበች እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። ከዚያ፣ "አባቶቼ፣ እኔ ፊቱን አይቼዋለሁ። ለእኔ ብላችሁ ነው የምታስዋሹኝ?" አለች።

በመልስ ፈንታ ጸለዩላት። አልጋዋ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት። ወገኖቼ፣ አንዲት ሴት ጥያቄ ስትጠይቃችሁ ጸልያችሁላት ታውቃላችሁ? ፖሊሱ ሲመጣ ዘነበች እንደተባለችው ተናገረች። እነዚህን ሰዎች ታከብራቸው ነበር።

ከዚያ ቁስሉ አመረቀዘ። እግሯን አለፈና ደሟ ውስጥ ገባ። ዘነበች ሞተች።

አሁን ነገሩ የተሰበረ እግር አይደለም። ታላቅየው በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰ። ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዶ አሁንማ እውነቱን እንናገር አላቸው። እነሱም አዘኑ። ማዘን ይችሉበታል። ግን ሁላችንም ለፖሊስ ቃል ሰጥተናል፣ አሁን ብንመልሰው ሁላችንም መታሰራችን ነው አሉት። እናትህ ትሞታለች አሉት። ለታናሽህም ሽማግሌ ተልኮ ልጅቷ ተፈቅዳለታለች፣ ሠርግ ልታበላሽ ነው ወይ አሉት። ኢንሹራንሱ ለዘነበች ልጆች ካሳ ከፈለ። ታላቅየው ወኅኒ ወረደ። ኢንሹራንስ ካሳ ይከፍላል እንጂ በሰው ፈንታ አይታሰርም።

የሚያንገበግበኝ ግን ይህ አይደለም። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተባለው ነው። በምስክርነት ሰዓት አንዱ ሽማግሌ ተነሥተው ስለ ታላቅየው ተናገሩ። እንደ ጌታችን ስለ ወንድሙ ተላልፎ ተሰጠ አሉ። ሕዝቡ እልል አለ። ሴቶች አለቀሱ። መዝሙር ተዘመረ። ታናሽየውም ከሙሽራዋ ጋር ተቀምጦ አብሮ ዘመረ።

እኔ ወደዚያ አጥቢያ የተመደብኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ምስክርነት ሲደጋግሙልኝ ደስ ብሎኝ፣ ይህን ሰው አይቼ በእሱ ልስበክ ብዬ ወኅኒ ቤት ሄድኩ። የመሣሪያ ሣጥን በመሸከም የጎበጠ ትከሻ ያለው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የሰማሁትን ነገርኩት። የክርስቶስን ፍቅር አሳይተሃል አልኩት።

እሱ ግን፣ "መጋቢ፣ ጌታ ለጲላጦስ አልዋሸም። እኔ ዋሽቼ ነው የገባሁት። እባክዎ በእኔ አይስበኩብኝ" አለ።

ከዚያም ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገረኝ፤ ከስምንት ቁጥሩ እስከ ዘነበች። ወንድምህ ይመጣል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አይመጣም አለኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ ስንቅ የሚያመጣው ብዙ ነበር፣ አሁን እናቱ ብቻ ናት። ታናሽየው ግን አንድም ቀን አልመጣም። ሞተሩን ይነዳል። ኢንሹራንሱ ዛሬም በታላቅየው ስም ይታደሳል። መንጃ ፈቃድ አላወጣም። መንገዱ በወኅኒ ቤቱ አጥር ሥር ስለሚያልፍ፣ ታላቅየው ድምፁን ይለየዋል። ጋዙን እንዴት እንደሚሰጥ ይሰማል፤ ከማዞሪያው ስንት ጊዜ ሳያበርድ እንዳለፈ ይሰማል።

ልወጣ ስል ምን ላድርግልህ አልኩት። ጠበቃ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ይግባኝ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

"ለታናሼ ይንገሩልኝ፤ ማቆም ይማር" አለኝ።

አያችሁ፣ እኛ እንዴት ያለ ሕዝብ ነን? ፓምፕ ጠጋኙን አሳስረን መዝሙር እንዘምርበታለን። በደል ሠርተን የሚሸከምልን እንፈልጋለን፤ ሲገኝ ደግሞ "ክርስቶስን ይመስላል" ብለን እናሞግሰዋለን፣ ምስጋናው ከወኅኒ የሚያስወጣው ይመስል። ክርስቶስ ወዶ ገባ፣ በእውነት ገባ። ይህን ሰው ግን ገፍተን ነው ያስገባነው። ሁለቱን አታምታቱብኝ።

በቤታችሁስ? ልጃችሁ የሰበረውን በሠራተኛዋ ያላከካችሁ የላችሁም? በመሥሪያ ቤታችሁ የጠፋውን ዕቃ ጥበቃው ይክፈል ብላችሁ የፈረማችሁ የላችሁም? በትዳር ውስጥ የባሏን ስም ለማዳን "እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ" እንድትል የመከራችኋት ሴት የለችም? የዋሁን ፈልጋችሁ፣ አባብላችሁ፣ ጸልያችሁለት፣ ሸክሙን ጭናችሁበት ወደ ቤታችሁ ሄዳችሁ እራት አልበላችሁም?

ጋዝ መስጠት ሁላችንም እንችላለን። ማግባት፣ መገንባት፣ መዘመር፣ መፍጠን። ጥፋት ፊታችን ሲቆም "ቁም፣ እኔ ነኝ" ማለት ግን አልተማርንም። ይህን የሚያስተምር ማሠልጠኛ ደግሞ ጉልበት ያስልጣል፣ ሰው ያስቅብናል። ስለዚህ ታላቅየው ይማርልን እንላለን።

"በአንዲት ከተማ" ብዬ ነበር የጀመርኩት። ስለ ውኃ ፓምፕ ሳነሣ አንገታችሁን የደፋችሁ ግን ከተማዋን ታውቋታላችሁ። ይህችው ናት። አጥቢያውም ይኸው ነው። መዝሙሩ የተዘመረው በዚህ ጣሪያ ሥር ነው። ስሟን ስጠራ ሁለተኛው ወንበር ላይ ያለቀሱት የዘነበች ልጆች ናቸው፤ ከቀብሩ ወዲህ ዛሬ ገና ወደዚህ የመጡ፣ እስከ ትናንትም እናታችንን የገደለው ታላቅየው ነው ብለው ሲያምኑ የኖሩ ልጆች። ትናንት ቤታቸው ሄጄ እውነቱን ነግሬአቸዋለሁ። ታላቅየውንም አስፈቅጄዋለሁ። እንቢ ሊለኝ ፈልጎ፣ በልጆቹ ምክንያት እሺ አለኝ።

ስገባ ያ መቀመጫው የተጣፈ ሞተር በር ላይ ቆሞ አይቻለሁ።

ዛሬ የመዝጊያውን ጸሎት አላስረዝምም። የወኅኒ ቤቱ የእሑድ መጠየቂያ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ነው፣ ፖሊስ ጣቢያው ደግሞ እሑድም ክፍት ነው፣ ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ናቸው። አባቶቼ፣ እናንተም ከታናሽየው ጋር አብራችሁ ሂዱ፤ በዛፉ ሥር አብራችሁት ነበራችሁና። አንተም ወንድሜ፣ ቁልፉን እዚህ መድረክ ላይ አስቀምጥና በእግርህ ሂድ።