የነብሮ ባለቤቶች

በአንድ ወቅት፣ ድሮ እንዳይመስላችሁ፣ አሁን በቅርቡ ነው፣ ባንድ ግቢ የሚኖሩ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። ነብሮ የሚባል ውሻ ነበራቸው። ውሻው አንድ፣ ባለቤቱ ሦስት።

ትልቁ አንዳርጌ ነው። «የኔ ነው» ይላል። «ቡችላ ሆኖ ከገጠር በኮቴ ኪስ ሸጉጬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ባልደርስ የጅብ እራት ነበር።» ይህን ባወራው ቁጥር ጅቦቹ ይበዛሉ።

መካከለኛው መንገሻ ሥጋ ቤት አለው። እሱም «የኔ ነው» ይላል። «አጥንት የሚጥልለት ማነው? እንዲህ የወፈረው ወሬ በልቶ ነው?»

ትንሹ ይርዳው ነው፤ ሥራው በር ላይ መቆም። «ዝም በሉ! ቁጭ በል ሲሉት ለማን ነው ቁጭ የሚለው?» ይላል። እውነቱን ነው፣ ነብሮ የሚታዘዘው ለሱ ብቻ ነው። ተማሪ ሲያልፍ «ጃስ!» ይልና ልጆቹ ደብተራቸውን ጥለው ሲሮጡ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ጀግንነት ማለት ለሱ ይሄ ነው።

አንድ ቀን የውሻ ክትባት የሚሰጡ ሰዎች ሰፈሩ መጡ። ባለውሻ ሁሉ ውሻውን እየጎተተ ወጣ። አንዳርጌ «የሚያበላው ይውሰደው» አለ። መንገሻ «ያመጣው ይውሰደው» አለ። ይርዳው ተኝቷል። ነብሮ ሳይከተብ ቀረ።

ትርሲት የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በዚያ በር ነው የምታልፈው፤ ሌላ መንገድ የላትም። ውሻ አጥብቃ ትፈራለች። ግን የሳይንስ አስተማሪያቸው «አትሩጡ፣ ዓይን ዓይኑን አትዩት፣ እጃችሁን ሰብስባችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ» ብለዋል። እሷም እንደዚያ ታደርጋለች። ነብሮ ያሸታታል፣ ትቷት ይሄዳል። ይርዳው በዚህ ይበሽቃል፤ የማትሮጥ ልጅ ምኑ ያስቃል?

ከክትባቱ በኋላ አንድ ቀን አንዳርጌ በሩን ክፍት ትቶ ወጥቷል። መንገሻ እስከ ጓሮ መሄድ ሰንፎ አጥንቱን መንገድ ላይ ወርውሮታል። ነብሮ ይግጣል። ትርሲት ደረሰችና ቆመች። አልሮጠችም። ይርዳው ካጥሩ በላይ ብቅ ብሎ «ጃስ!» አለ።

ነብሮ ባቷን ነከሳት።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። አንዷ ጎረቤት የቡና ዱቄት ይዛ ሮጠች፣ ቁስሉ ላይ ልትነሰንስ።

«ተዪ እትዬ! ውሃና ሳሙና!» አለች ትርሲት እያለቀሰች። እናቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቧንቧ ስር አስቀምጠው እጃቸው እስኪዝል አጠቡላት። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ።

ነርሷ መርፌውን እያዘጋጀች «ውሻው ተከትቧል?» አለች። «አልተከተበም? በሉ አስር ቀን ታስሮ ይጠበቅ። ካበደ ይታያል። እንዳትገድሉት!»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ትርሲትን ይዘው ወደ ሦስቱ ሄዱ። «ልጆቼ፣ ውሻችሁን እሰሩልኝ።»

«የቱን ውሻ?» አለ አንዳርጌ። «እኔ ያመጣሁት እኮ ቡችላ ነበር።»

«አጥንት መጣል ባለቤት ያደርጋል?» አለ መንገሻ። «አሞራውም ከኔ ነው የሚበላው።»

«የሰፈር ውሻ ነው» አለ ይርዳው። «እኔን የሰማኝ ጆሮ ስላለው ነው።» ቆመጡን አነሳ። «ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ልገላግላችሁ።»

«ከሞተ ማበዱን በምን አውቃለሁ?» ብላ ጮኸች ትርሲት፣ የእናቷን ቀሚስ ይዛ። ሦስቱም ወደ ቤታቸው ገቡ።

ነብሮን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግቢያቸው አስገብተው አሰሩት። ትርሲት መርፌዋን በየቀጠሮው ትወጋለች። ጠዋት ጠዋት የነብሮን ሳህን በረጅም እንጨት እየገፋች ታቀርብለታለች። ከዚያ ሩቅ ቆማ ታየዋለች። በላ? ለሀጩ ተዝረበረበ? ነብሮ ውሃ በጠጣ ቁጥር እሷ ትተነፍሳለች። ከሦስቱ ባለቤቶች አንዱም «ልጅቷ እንዴት ናት?» ብሎ ብቅ አላለም።

ቀኑ ሞላ። ነብሮ ደህና ነው። እሷም ዳነች።

በዚያው ሰሞን ሌባ የመንገሻን በግ ውሻ ከሌለበት ከወንድማማቾቹ ግቢ ይዞ ሄደ። በነጋታው ሦስቱም ሦስት ገመድ ይዘው ወይዘሮ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆሙ።

«ውሻዬን!» አለ አንዳርጌ።

«የማንን? የኔ እኮ ነው!» አለ መንገሻ።

ይርዳው «ቁጭ በል!» አለ። ነብሮ ቁጭ አለ። «አያችሁ?»

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወርቅነህ ተጠሩ። ሦስቱንም ሰሙና ወደ ትርሲት ዞሩ። «አንቺስ የኔ ልጅ? የጠበቅሽው አንቺ ነሽ። ትፈልጊዋለሽ?»

«አልፈልገውም ጋሼ። እፈራዋለሁ።»

«በቃ ይኸው!» አለ ይርዳው።

«ግን ለነሱ ከሰጡት» አለች፣ «ነገም በዚያ በር ነው የማልፈው።»

ጋሽ ወርቅነህ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። እስካሁን አልፈረዱም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ያመጣው አለ፣ ያበላው አለ፣ የሚታዘዝለት አለ፤ ነክሷት፣ እየፈራችው፣ በሕይወት ያቆየችውም አለች። «ለማንም አይገባም» ብላችሁ እንዳትገላገሉ፤ ይርዳው ቆመጡን ገና አላስቀመጠም።

ነብሮ ለማን ይገባል?