ከቆራሌው ጆንያ የተረፈው ፓምፕ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ ቀለም ቀቢ ነበሩ። አንድ የቀለም መርጫ ፓምፕና ሦስት ልጆች ነበሯቸው።

የሠርግ አዳራሽ እየቀቡ ሳለ ፓምፑ እምቢ አለ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ቀለሙ ግን ጠብ ጠብ ይላል እንጂ አይረጭም። ሻጩ ዘንድ ወሰዱት። «ቫልቩ አልቋል። መለዋወጫ የለንም፤ አዲስ ይግዙ» አላቸው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው። ይህን ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የሰው እንጀራ እኮ ነው! ጋሽ እንድሪስ ተስፋ ቆርጠው ቤታቸው ገቡ፤ ቆራሌው ሲያልፍም ጠርተው «ውሰደው» አሉት።

የመጨረሻው ልጅ ከማል ደጅ ላይ ነበር። ቆራሌው ጆንያውን ሊሸከም ሲል ጨምድዶ ያዘው።

«አባትህ ሰጥተውኛል!»

«ተናደው ነው። አልሰጥም!»

ጋሽ እንድሪስ ከውስጥ «ልቀቅለት!» ብለው ጮኹ። ከማል የአባቱን ቃል ተላልፎ አያውቅም፤ ያን ቀን ተላለፈ። ፓምፑን ታቅፎ ወደ ጓሮ ሮጠ።

ጓሮ ያገኛት መካከለኛዋ እኅቱ ዘሀራ ከአባቷ ጋር ግድግዳ ስትቀባ ያደገች ናት። ፓምፑ ላይ «አይከፈት» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ ልጣ ጣለችው። «የሸጠልን ሰው ፊት ነስቶናል፤ ማንን ነው የምንፈራው?» አለች። የታመቀውን ግፊት አስተንፍሳ በመፍቻ ፈታችው። ቫልቭ የሚሉት ለካ ቀለበት ላይ የተቀመጠች የብረት ብይ ናት። ብይዋ ሻክራለች፤ ቀለበቱም ከላይ ተበልቷል። ስለማይገጣጠሙ ፓምፑ የሳበውን ቀለም መልሶ ይለቀዋል። ዘሀራ ቀለበቱን ገለበጠችው፤ የታችኛው ፊቱ ምንም አልሆነም። ብይ ግን ቢገለብጧት ያው ናት።

ታላቃቸው ይመር ባጃጅ ነጂ ነው። እንዲህ ያለች ብይ የምትገኘው ጎማ በሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ውስጥ ነው፤ ከተማው ውስጥ ግን ኩሽኔታ ከጠፋ ከርሟል። ይመር ባጃጁን በድንጋይ አስደግፎ ጎማውን ፈታ፤ የራሱን ኩሽኔታ በመዶሻ ሰብሮ ልክ የምትሆን ብይ አወጣ። ሚስቱ «ነገ በምን ልትሠራ ነው?» ብትለው፣ «የነገው ነገ ይታያል፤ ለዚያ ሰውዬ ግን አንበረከክም» አላት። ባጃጁ እስካሁን እንደቆመ ነው።

ገጥመው ወደ ሠርጉ አዳራሽ ወሰዱት። ፓምፑ አጓራ፤ ቀለሙም ተበትኖ አዳራሹን አነጣው። ጋሽ እንድሪስ አለቀሱ። «እጄ ደክሟል፤ ከእንግዲህ አልቀባም። ፓምፑን ያዳነው ይውሰደው» አሉ።

ይኸኔ ጭቅጭቁ ተነሣ።

«ባልነጥቀው እስካሁን ቀልጦ ነበር» አለ ከማል። «ደግሞ ሌላ ሥራ የለኝም።»

«ባልከፍተው ጓሮ ውስጥ ዝጎ ይቀር ነበር» አለች ዘሀራ። «ቀለሙንስ ከእኔ ሌላ ማን ያውቀዋል?»

«እኔ እኮ እንጀራዬን ነቅዬ ነው የሰጠሁት» አለ ይመር።

በጋራ ይሥሩበት የምትሉ አላችሁ አይደል? ተዉት! ሦስቱም እምቢ ብለዋል፤ ግትርነት የዘራቸው ነው። ወደ አባታቸው ቢዞሩ፣ ጋሽ እንድሪስ አንገታቸውን ደፍተው «እኔ ለቆራሌ የሰጠሁት በምን አፌ ልፍረድ?» አሉ።

እንግዲህ ዳር ዳር አትበሉብኝ። ፓምፑ የሚገባው ለማን ነው፤ አባቱን እምቢ ብሎ ለነጠቀው ለከማል፣ ደፍራ ለከፈተችው ለዘሀራ፣ ወይስ ባጃጁን ላቆመው ለይመር?