ሐጂ እንድሪስ ከገዛ ጠመንጃቸው የፈቱት አማና

የግንቧ ድንጋይ ከመስጊዷ ሚናራ እኩል ባረጀች አንዲት የቆላ አፋፍ ከተማ ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ ጠመንጃ ጠጋኝ ይኖሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። ሥራቸውን በቢስሚላህ ከጀመሩ በኋላ ቃል አይተነፍሱም። ገበያተኛው «ሐጂን ከማናገር የያዙትን ጠመንጃ ማናገር ይቀላል» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ለራሳቸውም አንድ አሮጌ ጠመንጃ ነበራቸው። ሁለት አፈሙዝ ያለው ሲሆን ባንዱ ጥይት፣ በሌላው ደግሞ ጥቃቅን እርሳስ የሚረጨውን ረሽ ይተኩሳል። በእሱ ከመስጊዱ ግርጌ ያለውን የማሽላ ማሳ ከከርከሮና ከወፍ መንጋ ይጠብቁ ነበር። ማሳው ለመስጊዱ የተሰጠ ወቅፍ ነው፤ ከየአገሩ ለቂርኣት ትምህርት የመጡ ደረሶች የሚበሉት ከዚያ ነው። ሐጂ ይህን የኺድማ አገልግሎት ትልቅ ጸጋ አድርገው ስለሚያዩት፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ማሳው ዳር ሲቀመጡ ፊታቸው ይፈካ ነበር።

አንድ ቀን ሩቅያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ያንኑ የመሰለ ጠመንጃ በነጠላ ጠቅልላ መጣች። ባሏ ከጓደኛው በአማና፣ በአደራ የተዋሰው ነው። እሱ ዘንድ ሳለ ለጥገና ቢሰጠው፣ የውስጥ ዕቃው ወጥቶ ሸካራ ብረት ተገጥሞበት ተመለሰለት። ከዚያ ወዲህ አልተኮሰም። ባልየውም አፍሮ ሳይመልሰው ሕመም ጣለው።

«ወሲያው፣ ኑዛዜው አንድ ነው፤ ‹እንደተቀበልኩት አድርገሽ መልሽልኝ፣ አለዚያ ቀብሬ ይጠበኛል› ብሎኝ ነው የሞተው» አለች።

ሐጂ ጠመንጃውን ፈቱት። የድሮ ሠሪዎች በየዕቃው ጀርባ የጠመንጃውን ቁጥር ይቀርጹ ነበር፤ ያልፈታ ሰው አያየውም። ሐጂ ቁጥሩን ሲያዩ ደነገጡ። የራሳቸውን ጠመንጃ በወለወሉ ቁጥር ምላጩና ጥይት የሚመቱት ሁለት ብረቶች ጀርባ ላይ የሚያዩት ቁጥር ነው። ከሌላው አካል ቁጥር ጋር አለመመሳሰሉን ልብ ብለው ነበር፤ ግን በሐላል ገንዘባቸው ከአንድ ጠጋኝ የገዙት ስለሆነ፣ ሻጩ ከየትም ለቃቅሞ የገጣጠመው ይሆናል ብለው ትተውታል። ለሩቅያ ምንም ሳይነግሯት ለጁሙዓ እንድትመለስ ቀጠሯት።

ባለቤታቸው መዲና ነገሩን ስትሰማ ማሽላው ሊደርስ መሆኑን፣ ከርከሮውም ከሸለቆ መውጣቱን አስታወሰቻቸው። ለሴትዮዋ፣ ወራት ቢፈጅም፣ አዲስ ዕቃ ቀርጸው ቢገጥሙላት ምን ነበረበት? እውነቱን ለመናገር ይኸው ሐሳብ የሐጂንም ልብ አንኳኩቶ ነበር። ሸይጣን የኸይር ሥራ ለብሶ ሲመጣ ሽማግሌም ያታልላል።

«የደረሶቹ ጉሮሮ እኮ ነው፣ ሐጂ» አለች መዲና።

«ታዲያ በሰው ሐቅ ላጉርሳቸው?»

ሐጂ የገዛ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው መፍታት ጀመሩ።

ሩቅያ በጁሙዓ ስትመጣ ጠመንጃው እንደ ጥንቱ ሆኖ ጠበቃት። ዕቃው ከየት እንደተገኘ ሲነግሯት አለቀሰች። ማን እንደቀየረው ስትጠይቅም ሻጩ መሞቱን ነግረው የሞተ ሰው ስም እንዳይነሳ ለመኗት። እሷም ውለታው ቢከብዳት፣ ማሽላው እስኪታጨድ ጠመንጃው እሳቸው ዘንድ እንዲቆይ ፈቀደች።

«ልጄ፣ የሌላ ሰው አማና ነው፤ አንቺም መፍቀድ አትችዪም። ባልሽም በቀብሩ እየጠበቀሽ ነው፤ ዛሬውኑ ለባለቤቱ አድርሺለት» አሏት።

በዚያ ዓመት ከርከሮው የማሳውን አንድ ጥግ አወደመ። ሐጂ ማማ ላይ ወጥተው በዚያ ዕድሜያቸው ወንጭፍ እያስጮሁ፣ ደረሶቹም ቆርቆሮ እየደበደቡ የቀረውን አተረፉ። እራቱ ግን ቀነሰ፤ መዲናም ከቤቷ እህል ጨመረችላቸው። ከመስጊድ ሲወጡ አንድ ጎረቤት ጠመንጃቸው ድዳ ሆኖ በመቅረቱ አዘነላቸው። ሐጂ ፈገግ አሉ።

«አልሐምዱሊላህ በለኝ እንጂ! ባለሐቁ ዱንያ ላይ ደረሰልኝ። አኼራ ላይ ቢጠብቀኝ ኖሮ በየትኛው እጄ እፈታለት ነበር?»

እኛ ሲሰጠን እናመሰግናለን፤ እኚህ ሰው ከእጃቸው ሲወጣ አመሰገኑ። ኪሳራ አልመሰላቸውም፤ የቂያማ ዕዳቸው በማሽላ ጥግ የቀለለላቸው መሰላቸው። ባለሐቅ በራችንን ሲያንኳኳ ፊታችንን የምናጠቁር ሁሉ፣ እንግዳውን ማን እንደላከው ብናስብ ተነስተን በደስታ በከፈትንለት ነበር። አላህ ባለሐቆቻችንን እጃችን ሳይዝል ያምጣልን።