የእመት ጃርት ኮምፒውተርና ቆራሌው ጅብ

ተረቴ ከደጅ ቆማለች።
ትግባ፤ ጆሯችን ሥራ ፈት ነው።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ማመልከቻ ያጽፉ በነበረበት ዘመን፣ እመት ጃርት የምትባል ጸሐፊ ነበረች። እንስሳ ማመልከቻ ምን ያደርግለታል አትበሉኝ። አህያ ጭነት ይቀነስልኝ ብላ ታመለክታለች፤ ፍየል ቅጠሉን የበላሁት እኔ አይደለሁም ብላ ታመለክታለች፤ ቀበሮ በራሷ አቤቱታ ላይ አቤቱታ ታቀርባለች። ይህን ሁሉ የምትጽፈው እመት ጃርት ናት፣ ከዋርካው ሥር ባለችው ጠባብ ሱቋ፣ በአንድ ኮምፒውተር። እንጀራዋ እሱ ነው። ትወደዋለች፤ ዳንቴል ታለብሰዋለች።

ታዲያ የእንቁጣጣሽ ሰሞን ቤቷን ጠረገች፣ ወለወለች። እጇ አላርፍ ብሎ የኮምፒውተሩንም ጎን ከፍታ ውስጡን ጠረገች። በማግስቱ ቁልፉን ብትጫነው መብራቱ ቦግ አለ። ማራገቢያው ሽርርር አለ። ከዚያ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለ። ስክሪኑ ግን ድርግም እንዳለ ቀረ። አጠፋችው፣ አበራችው። ሽርርር፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፤ ድርግም። ይበራል፣ አይከፍትም።

ይህን ጊዜ በመንገዱ የሚያልፈው ማን ነበር? አያ ጅቦ። አያ ጅቦ ሥራው ቆራሌው ነው፤ ጆንያ አንግቶ "ቆራሌው" እያለ ይዞራል፣ አሮጌ ብረትና የተቀደደ ጫማ ይሰበስባል፣ በምትኩ የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣል። ጫማዎቹን ግን ሁልጊዜ ጆንያ ውስጥ አያስገባቸውም፤ አንዳንዶቹን እዚያው ይበላቸዋል።

አንገቱን በመስኮት አስግጎ፣ "እመት ጃርት፣ የማይከፍት ኮምፒውተር ምን ያደርግልሻል? ቀይ ሳፋ እሰጥሻለሁ" አላት።

እመት ጃርት እንባዋን እየጠረገች፣ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ታገሠኝ፣ እስከዚያ ካልከፈተ ትወስደዋለህ አለችው።

ይህን በኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰሙ። ማራገቢያው፣ መቼም ዝም ብሎ አያውቅም፣ ጅቡ በመዶሻ ሊፈረካክሰን ነው እያለ ዞረ። ሃርድ ዲስክ፣ የአገሩን ማመልከቻ ሁሉ በሆዱ የያዘው፣ እኔ የሚጠራኝ ጠፍቶ እንጂ ዝግጁ ነኝ ብሎ ተኮፈሰ። ሁሉም በሌላው አሳበበ። ሳጥኑ ዝግ ስለሆነ ግን ውጭ ያለ አልሰማቸውም።

እመት ጃርት ሽማግሌ ጠራች። በወጉ ሽማግሌ ሦስት ነው።

መጀመሪያ አያ ዝንጀሮ መጣ። ስንቱን ሬዲዮ በጥፊ አድኛለሁ ብሎ ሳጥኑን በቀኝ በኩል አጮለው። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። በግራ አጮለው። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። በሦስተኛው ጥፊ መዳፉ አበጠ። ይሄ ድሮም ጥፊ ጠግቦ ያደገ ነው ብሎ እጁን እየላሰ ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ቀጥሎ አውራ ዶሮ መጣ። ዓለሙን ሁሉ የምቀሰቅስ እኔ አንድ ሳጥን ያቅተኛል ወይ አለ። ገመዱን ነቅሎ ሰካ፤ የስክሪኑንም ነቅሎ ሰካ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ደግ አደረገ፤ ገመድ ሳይፈትሹ ሌላ ነገር መነካካት ሞኝነት ነው። ግን ዶሮ ዶሮ ነውና ሳጥኑ አናት ላይ ወጥቶ ኩኩሉ አለ። የጎረቤት ዶሮዎች ሁሉ መለሱለት። ኮምፒውተሩም መለሰለት፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለው። አውራ ዶሮ ሰደበኝ ብሎ አኮረፈ።

ጀንበር አዘቀዘቀች። ከወደ ታች "ቆራሌው" የሚል ድምፅ መጣ።

በመጨረሻ እማማ ኤሊ ደረሰች። የተጠራችው ከሁለቱ ጋር ነበር፤ መንገዱ ነው ያቆያት። ገብታ ምንም አልነካችም። እስቲ አብሩት አለች። ሽርርር፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

"ይሄ እኮ አቤት እያለ ነው" አለች እማማ ኤሊ። "አንዱ በጥፊ፣ አንዱ በጩኸት። ከመሀላችሁ ምን ሆንክ ያለው አለ?"

አልነበረም። የእማማ ኤሊ የሽምግልና ዘዴ ቀላል ነው፤ የተካሰሱትን ሁሉ ታስወጣና አንድ አንዱን ለብቻ ትሰማለች። መብራቱን አስነቀለች፣ የሳጥኑን ጎን አስከፈተች፣ ሃርድ ዲስክን ውጣ አለችው። አበሩት፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። እሱ አይደለም። ከውጭ የተሰካውን ኪቦርድም ውጣ አለችው። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። እሱም አይደለም። እንደገና አስነቅላ ወደ ውስጥ ብታይ፣ ሁሉም በተቀመጠባት በእትዬ ማዘርቦርድ ጭን ላይ አንዲት ቀጭን ጨዋ ልጅ ቀርታለች። ስሟ ሚሞሪ ነው። ግን አልተቀመጠችም። በአንድ ጎኗ ብድግ ብላ፣ ወገቧን ሰበር አድርጋ ቆማለች።

"ልጄ፣ ለምን አትቀመጪም?"

"ያን ዕለት መጥረጊያው ሲገባ ኖር ብዬ ተነሣሁ" አለች ሚሞሪ። "በግዜር ሳይለኝ ወጣ። ተቀመጪ ሳልባል እንዴት ልቀመጥ፣ እማማ? አሳዳጊ የበደላት ይሉኛል።"

አያችሁ ጉድ። እትዬ ማዘርቦርድ የምታስበውን ሁሉ የምታኖረው ሚሞሪ ላይ ነው፤ ሚሞሪ ካልተቀመጠች ምንም አትጀምርም። አገር በሙሉ የቆመው አንዲት ልጅ በጨዋነት ስለቆመች ነው። ልጂቱን ልቆጣት አልኩና ተውኩት። እኛስ ቤት እንግዳ ሲገባ ብድግ እንል የለም? እንግዳውስ በግዜር ብሎ ያስቀምጠን የለም? ባለጌው መጥረጊያው ነው።

እማማ ኤሊ በመጥረጊያው ፈንታ እኔ በግዜር ልበልሽ ብላ አፏን ስትከፍት በሩ ተከፈተ። አያ ጅቦ ገባ፤ ጆንያው በትከሻው፣ መዶሻው በእጁ፣ ቀዩን ሳፋ እንደ ባርኔጣ ደፍቶት።

ሚሞሪ እንግዳ ስታይ ጭራሽ ከመቀመጫዋ ተነሥታ "ኖር" አለች።

አሁን የተነሣችው ለጅቡ ነው፤ ከጅቡ በቀር ማንም ሊያስቀምጣት አይችልም። እሱ ደግሞ ዝም ካለ ኮምፒውተሩ የእሱ ነው። የእመት ጃርት እሾህ ሁሉ ቆመ። እማማ ኤሊ አንገቷን ወደ ውስጥ ከተተች።

አያ ጅቦ ዞር ብሎ ከኋላው አየ። ሌላ የገባ የለም።

"ለማን ነው?" አለ።

"ለእርስዎ ነዋ" አለች ሚሞሪ።

"እኔ እኮ ቆራሌው ነኝ። ልወስድሽ ነው የመጣሁት።"

"ቢሆንም እንግዳ ነዎት።"

አያ ጅቦ መዶሻውን ቀስ አድርጎ መሬት አኖረው። ዕድሜ ልኩን በየደጁ ሲጣራ ውሻ ተለቆበታል፣ በር ተዘግቶበታል፣ እለፍ ተብሏል። ኖር ያለው ግን አንድም አልነበረም። ሆዱ ባባ። የጅብ ሆድ ሲራብ እንጂ ሲባባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም፤ ያን ዕለት ግን ባባ። ሳፋውን ከራሱ ላይ አወረደ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"በግዜር፣ በግዜር" አለ። "ተቀመጪ፣ እኅቴ።"

ሚሞሪ ቁጭ አለች። ግራና ቀኟ ቋ፣ ቋ አለ። ሃርድ ዲስክና ኪቦርድም ወደየቦታቸው ተመለሱ። እመት ጃርት ገመዱን ሰክታ ቁልፉን ተጫነች። ሽርርር፤ ከዚያ አንዲት ጢጥ ብቻ። ስክሪኑ ወገግ አለ።

ደስታ ሆነ። አያ ዝንጀሮ አጨበጨበና ያበጠው መዳፉ አስጮኸው። አውራ ዶሮ የከፈተው በእኔ ድምፅ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ይምላል። አያ ጅቦ ባዶ ጆንያውን አንግቶ ሲወጣ የቤቱ ሰው ሁሉ ብድግ አለለት። እማማ ኤሊም ብድግ ብላለታለች፤ ብቻ ተነሥታ ስትጨርስ እሱ ሁለት መንደር አልፎ ነበር።

አያ ጅቦ ዛሬም ቆራሌው ነው፣ ዛሬም ይጣራል። ግን በየደጁ ከተጣራ በኋላ ቶሎ አይሄድም፤ ምናልባት የሚነሣልኝ ይኖር እንደሆን ብሎ ጥቂት ይቆማል።

እኔ ነገርኳችሁ፤ እናንተ ለልጆቻችሁ ንገሩ። ብድግ ላሉለት ጅብም ጥርሱን ይሰበስባል።