ለገስግስ የተጠቀለለ ጉርሻ

ተረት ተረት!
የመሠረት!

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? እራት አልበላችሁም እንዴ? ጠጋ ጠጋ በሉማ።

በድሮ ዘመን ጎሽሜ የሚባል ጅግራ አዳኝ ነበረ። ገስግስ የሚባል ውሻም ነበረው። ጎሽሜ እናኑ የምትባል ልጅ ወደደና ሽማግሌ ላከ። አባቷ ግን፦ «የአዳኝ ቤት ባዶ ነው፤ ልጄ ጦሟን ታድራለች» አሉ። ሽማግሌዎቹ አጥብቀው ሲለምኗቸው፣ ለመስቀል በገዛ እጄ ባርኬ የማርዳት ጅግራ በሕይወቷ ያምጣልኝ፣ ያለዚያ ልጄን ለሌላ እድራለሁ አሉ።

ችግሩ ገስግስ ነበረ። ጎሽሜ ዱላ ወርውሮ የጅግራዋን ክንፍ ይመታል፤ ውሻው ሮጦ ይይዛታል። ግን ጥርሱ አይምርም፤ ሞታ ትመጣለች። ሳትባረክ የሞተች ደግሞ አትበላም፣ ትጣላለች። ጎሽሜም ተናዶ ውሻውን በዱላ ይነርተው ጀመር። ከዚያም ገስግስ ብልጥ ሆነና መምጣቱን ተወው። ሣር ውስጥ ተደብቆ እዚያው ቅርጥፍ!

ጎሽሜ ጨነቀው። ምንጭ ዳር ለእናኑ ነገራት። እሷም፦ «ይዞልህ ሲመጣ ትመታዋለህ። ዱላ ለመቀበል ማን ይመጣል? አጉርሰው» አለችው።

ለውሻ ጉርሻ! ሰው ምን ይለኛል ብሎ አፈረ። ግን እሷን ማጣቱ ባሰበትና ጓሮ ገብቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ገስግስን እንቁላል አስነከሰው። ሰበረው። ጎሽሜ ግን አልመታውም። ደግሞ አስነከሰው። ሳይሰብር ያመጣ ቀን እንጀራ በቅቤ ጠቅልሎ አጎረሰው። ኧረ የውሻው ደስታ! ጭራው ወገቡን ይዞት ሊሄድ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ከእንቁላል ወደ ጫጩት፣ ከጫጩት ወደ ዶሮ አለፉና አንዷንም አላቆሰለም።

የመስቀል ዕለት አባትየው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሜዳው ዳር ቆሙ። እናኑም መጣች። ጎሽሜ ዱላውን ወረወረና ጅግራዋ ወደቀች። ገስግስ ሣሩ ውስጥ ጥልቅ አለ። ቆየ። በላት ብሎ ጎሽሜ ወደ ሣሩ ሊሮጥ ሲል፣ ውሻው ጅግራዋን በአፉ ይዞ ብቅ አለ። ዓይኗ ይቁለጨለጫል! መጥቶ ፊቱ ቆመ። ግን አልለቅም አለ። ዓይኑ የጎሽሜ እጅ ላይ ነው። ጉርሻዬስ? ነው ነገሩ።

ጎሽሜ ሽማግሌዎቹን አየ። እናኑን አየ። ከኩታው ጫፍ የቋጠረውን እንጀራ ፈታና ጠቀለለ፤ ተንበረከከና በሁሉም ፊት አጎረሰው። ገስግስ አፉን ሲከፍት ጅግራዋ በሕይወቷ ጎሽሜ እጅ ገባች። ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አባትየው ግን አልሳቁም። ጅግራዋን ተቀበሉና፦ «ውሻውን እንዲህ የሚያጎርስ ሰው ልጄን አያስርባትም። ሠርጉን ደግሱ» አሉ።

እናኑ ማንንም አልጠበቀችም፤ የገዛ ሠርጓን እልልታ ራሷ አቀለጠችው።

እኔም ተረቴን ሳልቆረጥም አመጣሁላችሁ፤ ይኸው አፌን ከፍቻለሁ። ዳቦም ይሁን ቆሎ አጉርሱኝ፤ ታዲያ ጠቀም አድርጋችሁ!