ያበጠው የእማማ ጥሩወርቅ መስኮት

ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ስጠየቅ አንዳንዴ ስድስት፣ አንዳንዴ ሰባት እላለሁ። አያቴ እማማ ጥሩወርቅ ዘጠኝ ነው ትላለች፤ እሷ ግን የቆጠረችው አልጋ ላይ ተኝታ ነው። የሰዎቹን ቅደም ተከተል በወረቀት ጽፌው ስለነበር በእሱ ልትተማመኑ ትችላላችሁ። ወረቀቱ ግን ጠፍቷል።

ቤታችን እማማ ስትዳር የተሠራ አሮጌ የድንጋይና የጭቃ ቤት ነው። ክረምት በወጣ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቀናል፤ አንድ ዓመት ጣሪያውን፣ አንድ ዓመት ወለሉን። እኔ ደግሞ ይህን ወቅት እወደዋለሁ። መስከረም ሲጠባ ሜዳው ቢጫ ይለብሳል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ሰው ሁሉ ወይ ይመርጋል፣ ወይ ይጠግናል፣ ወይ እሸት ይጠብሳል። መዶሻ የማይሰማበት ግቢ የለም። የዚያ ዓመት ተራ የመስኮቱ ነበር።

እማማ በነሐሴ አዳልጧት ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ወጌሻው አርባ ቀን ከአልጋ እንዳትወርድ አዝዟት ነበር። የመንደራችን ደመራ የሚተከለው ልክ ከመስኮቷ ፊት ለፊት፣ ከጓሯችን ማዶ ነው፤ የሚለኮሰውም በመስቀል ዋዜማ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ከተዳረች ጀምሮ አንድም ደመራ አምልጧት አያውቅም። አሁን ግን መስኮቱ በዝናብ አብጦ ከመቃኑ ጋር ተጣብቋል፤ ቀኑም የደመራ ቀን ነው።

«ልጄ፣ ብርሃን አልለምንህም፣ አየር አልለምንህም፤ ደመራዬን ብቻ አሳየኝ» አለችኝ።

ገፋሁት፣ እምቢ። ሳብኩት፣ እምቢ።

«ሳንቃውን ልስበረው?»

«የአያትህን የእጅ ሥራ? መጀመሪያ የቀረውን እግሬን ስበረው!»

ስለዚህ የተጣበቀበትን ቦታ ፈልጌ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ከላይ በኩል፣ በስተቀኝ ጥግ ነው። በመሮ ትንሽ መፋቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ቀላል ሥራ መሰለኝ።

መሮ ያለው ጎረቤታችን አናጢው ጋሽ ተክለጻድቅ ነው። በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል።

«መሮ? ሞልቶ!» አለኝ። «ግን ክረምቱ እንዳያዝገው ቆጥ ላይ ሰቅዬዋለሁ። መሰላሌን ደግሞ ወይዘሮ አሰለፈች ወስዳዋለች።»

«በወንበሩ ልውጣ?»

«በዚህ? ይሄ እኔንም የሚሸከመኝ በልመና ነው።»

ጻፍኩ፦ መስኮቱ ያለ መሮ አይከፈትም፤ መሮው ያለ መሰላል አይወርድም።

ወደ ወይዘሮ አሰለፈች ሄድኩ። መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆማለች፤ እስከ ክንዷ ጭቃ ነው።

«ወይዘሮ አሰለፈች፣ መሰላሉን ይስጡኝ። መስኮቱ ያለ መሮ አይከፈትም፤ መሮው ያለ መሰላል አይወርድም።»

«አንድ ክንድ ግድግዳ ቀርቶኝ? ለጭቃው ጭድ አልቆብኝ እኮ ነው ሥራዬ የቆመው!»

«ታዲያ እስኪመጣ ለምን አይወርዱም?»

«ልወርድና እንዳንተ ያለው መሰላሉን ይዞት ሊሮጥ? ሂድ፣ ከደምሰው ጭድ አምጣልኝ!»

ጋሽ ደምሰው የጭድ ክምሩ ሥር ተቀምጦ በቆሎ ይጠብሳል። ከመናገሬ በፊት ግማሹን ሰብሮ ሰጠኝ፤ እየበላሁ ተናገርኩ።

«ጋሽ ደምሰው፣ ጭድ ይስጡኝ። መስኮቱ ያለ መሮ አይከፈትም፤ መሮው ያለ መሰላል አይወርድም፤ መሰላሉ ያለ ጭድ አይለቀቅም።»

«የጭድ ተራራ ይኸውልህ! ግን ዝናቡ ጠቅጥቆት ድንጋይ ሆኗል። በል ሞክረው።»

በሁለት እጄ ጎትቼ አንድ እፍኝ አወጣሁ።

«ለድመት መኝታ ይበቃል» ብሎ ሳቀብኝ። «ይህን የሚፈነቅለው መንሽ ብቻ ነው። መንሼ እትዬ በላይነሽ ጋ ነው።»

እትዬ በላይነሽ በመንሹ ድርቆሽ ወደ ጥጃዋ ታመላልሳለች። ከመንሹ ጣቶች መሀል ግማሹ መንገድ ላይ ይፈስሳል፤ ጥጃዋ ከበረት አንገቷን አውጥታ ታያታለች።

«እትዬ በላይነሽ፣ መንሹን ይስጡኝ» አልኩ። «መስኮቱ ያለ መሮ አይከፈትም፤ መሮው ያለ መሰላል አይወርድም፤ መሰላሉ ያለ ጭድ አይለቀቅም፤ ጭዱ ያለ መንሽ አይወጣም።»

«ውይ የኔ ልጅ! ድርቆሹን በምን ልውሰድ? እንቅብ ቢኖረኝ በአንድ ጊዜ አድርሼ መንሹን እሰጥህ ነበር።»

«እንቅብዎ የት ሄደ?»

መንሹን ተደግፋ ሳቀች። «እናንተ ቤት ነዋ! ለዘመን መለወጫ በቆሎ ሞልቼ ለጥሩወርቅ አልላክሁላትም?»

ሮጥኩ። እንቅቡ ከመስኮቱ አጠገብ ችንካር ላይ ተሰቅሏል። ጠዋት በእርሳስ ምልክት ሳደርግ ጭንቅላቴን የመታኝ እሱው ነበር።

«እማማ፣ እንቅቡን ልውሰደው! መስኮቱ ያለ መሮ አይከፈትም፤ መሮው ያለ መሰላል አይወርድም፤ መሰላሉ ያለ ጭድ አይለቀቅም፤ ጭዱ ያለ መንሽ አይወጣም፤ መንሹ ያለ እንቅብ አይመለስም።»

እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«ባዶውን?»

«እማማ፣ ቸኩያለሁ።»

«ሞልታ የላከችልኝን እንቅብ ባዶውን ልመልስ? አልጋ ስይዝ ባለጌ የሆንኩ መሰለህ? የባቄላ እሸት አስቤለታለሁ፣ ከጓሮ።»

«እሺ፣ ልቀጥፍ።»

«ሳይደርስ ቀጥፈህ ልታዋርደኝ? መድረሱን በየዓመቱ አይቼ የምናገረው እኔ ነኝ።»

«ከየት ሆነሽ ነው የምታዪው?»

«ከዚህ ሆኜ ነዋ፣ በመስኮቱ።»

ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን።

ከውጭ የልጆች ዘፈን ይሰማል፤ ችቦ እየተሸከሙ ወደ ደመራው ይወርዳሉ። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ተኩል። ወረቀቱን አንድ ጊዜ አነበብኩ፣ እንደገናም አነበብኩ። መስኮቱ ያለ መሮ አይከፈትም፤ መሮው ያለ መሰላል አይወርድም፤ መሰላሉ ያለ ጭድ አይለቀቅም፤ ጭዱ ያለ መንሽ አይወጣም፤ መንሹ ያለ እንቅብ አይመለስም፤ እንቅቡ ያለ እሸት አይሄድም፤ እሸቱ ያለ መስኮት አይታይም። በጥንቃቄ ጽፌዋለሁ፤ ስህተት አላገኘሁበትም። ያ ነው ያስጨነቀኝ።

እማማ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «ተወው ልጄ። ዘፈኑንም መስማት ደግ ነው።»

አነጋገሯ አላስቀመጠኝም። ወደ ጓሮ ወጣሁ። የባቄላውን ማሳ ዳር ቆሜ ብዙ አሰብኩ፤ ደርሷል ብዬ ለመወሰን አልደፈርኩም፣ ተሳስቼስ ቢሆን? ግን እማማ ወደ ባቄላው መሄድ ካልቻለች ባቄላው ወደ እማማ መሄድ ይችላል። አንዱን ተክል ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ነቅዬ አመጣሁና ብርድ ልብሷ ላይ አስቀመጥኩት።

ቀና አለች። የታችኛውን እሸት ቀጠፈች፣ በጥፍሯ ፈለቀቀች፣ ፍሬውን ጨመቀች፣ አሸተተች፣ አፏ ውስጥ ጣለች። ቀስ ብላ አላመጠች። 

«ደርሷል!» አለች። «ምን ትጠብቃለህ? ዛፍ እስኪሆን?»

ቀጠፍኩ! እሸቱ እንቅቡን ሞላ። እየሮጥኩ ወሰድኩት፤ እትዬ በላይነሽ እሸቱን ገልብጣ በእንቅቡ ድርቆሹን በአንድ ጊዜ ለጥጃዋ አደረሰች። እንቅቡ መንሹን አስለቀቀ፤ መንሹ ጭዱን ፈነቀለ፤ ጭዱ ጭቃውን አጠነከረ፤ ጭቃው ግድግዳውን ጨረሰ፤ ወይዘሮ አሰለፈች ወረደች፤ መሰላሉ ቆጡን ደረሰ፤ ቆጡ መሮውን ሰጠ። ጋሽ ተክለጻድቅ ግን መሮውን ለእኔ አላቀበለኝም።

«አንተ ስትለካ ፀሐይዋ ትጠልቃለች» ብሎ ራሱ መጣ።

ሌሎቹም ተከትለውት መጡ። ወይዘሮ አሰለፈች ከነጭቃዋ፣ ጋሽ ደምሰው ከነመንሹ፣ መጨረሻ ላይ እትዬ በላይነሽ። ቤቱ ሞላ። ጋሽ ተክለጻድቅ በእርሳስ ያደረግኩትን ምልክት አይቶ «እዚች ጋ ናት?» አለ፤ «ይመስለኛል» አልኩ። መሮውን አሳረፈ። ኩርርት፣ ኩርርት። አንዲት ቀጭን ፍቅፋቂ ተጠቅልላ እማማ ትራስ ላይ ወደቀች። በመዳፉ ገፋው።

መስኮቱ ተከፈተ።

መጀመሪያ የገባው ቢጫ ብርሃን ነው፤ ቀጥሎ የአደይ ሽታ፤ ቀጥሎ ሆታው። ደመራው ገና ከሥሩ እየተያያዘ ነበር። እማማ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ እልል አለች፤ ሜዳው ላይ ያሉ ሴቶች ድምጿን አውቀው መለሱላት። አንዷ «ጥሩወርቅ፣ አለሽ እንዴ!» ብላ ጮኸች። «የት ልሄድ!» አለች እማማ። እያለቀሰች ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ጭስም ሊሆን ይችላል።

እትዬ በላይነሽ ያን ጊዜ ከነጠላዋ ሥር የያዘችውን አወጣች። እንቅቡ ነው፤ ንፍሮ ሞልታበታለች።

«እንዴ!» አለች እማማ። «ዛሬ እሸቴን በልተሽ ዛሬውኑ?»

«ታዲያ ባዶ እጄን ልምጣ?»

«አሁን ደግሞ ይህን በምን ሞልቼ ልመልሰው ነው!»

ጋሽ ደምሰው እስኪያስለው ሳቀ። ንፍሮውን እየዘገንን ደመራው እስኪወድቅ ድረስ ተጨቃጨቅን፤ ከመስኮቱ ስለተፋቀው እንጨት ነበር። ጋሽ ተክለጻድቅ አንድ ጣት ሙሉ ፋቅኩ አለ። ወይዘሮ አሰለፈች ግማሽ ጣት አለች። እማማ ከአያትህ ሥራ ምንም አልተነካም አለች። 

በማግስቱ ጠዋት ማስመሪያ ይዤ መቃኑ ላይ የተፋቀውን ለካሁት፤ እንዳልሳሳትም ሁለት ጊዜ ለካሁት። ሦስት ሚሊሜትር ነው።