ከሰሌዳው ላይ የተላጡት ሥዕሎች

አንድ አስተማሪ ነበረ። አንቺ እንደምታስተምሪያቸው ሁሉ አፍ አውጥተው የማይናገሩ ልጆችን ያስተምር ነበር። ልጆቹ የልባቸውን የሚነግሩት ሥዕል በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ በጣታቸው እያመለከቱ ነው።

ይህ ሰው ታሪክ ሊያስተምራቸው ተነሣ፤ ጥቁር ሰው እንደ ከብት እየተሸጠ ባሕር የተሻገረበትን ዘመን። ርእሰ መምህርቷ ግን «እነዚህ ልጆች ይሄ ይገባቸዋል ብለህ ነው? መጥቼ አያለሁ። ካልመለሱ ታሪክ ከዚህ ክፍል ይወጣል» አለችው። ሰውየው ጨነቀው። ክፍሉ ውስጥ ትርሲት የምትባል ልጅ አለች፤ ጣቷ «እምቢ» እና «ለምን» ከሚሉት ሥዕሎች ላይ አይነሣም። ሰው ፊት ታዋርደኛለች ብሎ ፈራ። ምን አደረገ መሰለሽ? ሁለቱን ሥዕሎች ከየሰሌዳው ላይ ላጠና ጣላቸው! «ገባኝ»፣ «ወደድኩት»፣ «አመሰግናለሁ» ብቻ ቀሩ። ጉድ በይ!

ቀኑ ደረሰ። ርእሰ መምህርቷ ከኋላ ተቀመጠች። እሱም በሰንሰለት የታሰረ ሰው ሥዕል ትርሲት ፊት አስቀምጦ ጀመረ። «ጌቶቻቸው ፊደል እንዳይማሩ ከለከሏቸው። በከበሮ እንዳይነጋገሩም ከበሮውን ነጠቋቸው» አለ። እሱ እንደ ዋዛ ነው ያለው፤ ልጅቷ ግን ክው አለች። ጣቷ ሰሌዳው ላይ ይሮጣል፤ የምትፈልገው የለም። ሥዕል የተላጠበትን ባዶ ቦታ በመዳፏ ትደበድብ ጀመር።

«ምን እያለች ነው?» አለች ርእሰ መምህርቷ።

አስተማሪውን ላብ አጠመቀው። የልጅቷን እጅ ያዘና ጣቷን ጎትቶ «ወደድኩት» የሚለው ላይ አሳረፈው።

«ወደድኩት ነው የምትለው» አለ። ኧረ በስመ አብ!

ትርሲት እጇን መንጭቃ አስለቀቀች። የታሰረውን ሰው ሥዕል አነሣች፤ ደረቷ ላይ አስደግፋ ያዘችው፤ ከዚያ አስተማሪዋን ዐይን ዐይኑን ታየው ጀመር። ሰውየው አጠገቧ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«ዋሽቻለሁ» አለ እንደ ምንም። «ምን እንዳለች አላውቅም። መናገሪያዋን የወሰድኩባት እኔ ነኝ።»

የርእሰ መምህርቷ ፊት አመድ መሰለ። «ታሪኩ ይቀጥል፤ መጀመሪያ ግን የወሰድክባትን መልስላት» አለች።

እንግዲህ ልጄ፣ «ለማይመልሱልኝ ልጆች የጥቁሮችን ታሪክ ማስተማር ምን ይጠቅማል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ስትይው ደነገጥኩ፤ እውነቴን ነው። እነዚያ ጌቶች የሰውን አፍ መስፋት አላስፈለጋቸውም፤ መናገሪያውን ነጥቀው የሚለውን መረጡለት፤ በቃቸው። አንቺም ሰሌዳ በሠራሽ ቁጥር ያው ሥልጣን እጅሽ ላይ ነው። ይመልሱልኛል ወይ ብለሽ እኔን አትጠይቂኝ፤ የሚመልሱበትን ሰጥተሻቸዋል ወይ? ሰጥተሽ አስተምሪ፤ ታሪኩን ሰምተው መጀመሪያ እምቢ የሚሉት አንቺን ቢሆን እንኳ።